የሂርጳ ቀኝ እጅ

ሂርጳን ስትሮክ የጣለው ታናሽ ወንድሙ ጃርሶ በሽማግሌዎች ፊት ሌባ ባለው ቀን ነው።

ነገሩ የቆየ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ጃርሶ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሂርጳ ለትምህርትህ የተረፈ ነገር የለም አለው። ጃርሶ ጭልሞ ጫካ ገብቶ ግንድ ሲጎትት አደገ፤ ሂርጳ አምቦ ላይ መምህር ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ጃርሶ ታላቁን ከሰሰው፤ አባታችን ለእኔ መማሪያ የተዉትን በሬዎች ሸጠህ የተማርክባቸው አንተ ነህ አለው። ሂርጳ ሊመልስ ተነሳ። አፉ ተጣመመ፤ ወደቀ፤ ቀኝ እጁም ሽባ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን ያነሳ የለም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጃርሶ ምላስ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከወንድሙ ጋር እስኪታረቅ ከጌታ እራት አገደችው። ጃርሶም በራሱ ላይ ፈረደ። ስለ በሬዎቹ የነገረችው አክስቱ ነበረች፤ አሁን አርጅታ ተሳስታ ይሆናል ማለት ጀመረ።

የሂርጳ ንግግር እየተጎተተ ሲመለስ፣ ጃርሶ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነው።

«መጀመሪያ እጄ ይዳን» አለ ሂርጳ። «እርቅ በቀኝ ነው።»

ልክ ነበር። የሚታረቁ ሰዎች ሽማግሌዎቹ ፊት በቀኝ እጃቸው ይጨባበጣሉ፤ ከዚያ እየተያዩ «በልቤ የደበቅሁህ ነገር የለም» ይባባላሉ። በግራ የተጨባበጠ ታረቀ አይባልም።

አምቦ ሆስፒታል ውስጥ ተመራማሪዎች ለሙከራ ያመጡት መሣሪያ ነበር። ሽቦ የበዛበት ኮፍያ ጭንቅላት ላይ ይጠለቃል። ሕመምተኛው እጁን ለመክፈት ሲሞክር ኮምፒውተሩ ሙከራውን ከአንጎሉ ያነብና፣ ሞተር ያለው ጓንት ጣቶቹን ይከፍትለታል። ሲደጋገም አንጎል እጁን እንደገና ይለምዳል።

ጃርሶ ወንድሙን ደግፎ ያመላልሰው ጀመር። አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጋሼ አይዞህ፣ ክፈተው ይላል። የራሱ የጃርሶ ግንባር በላብ ይርሳል። የሂርጳን ሙከራ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። ሂርጳ ግድግዳውን ያያል።

«ኮፍያውን ለጃርሶ አጥልቁለት» አለች አየለች የምትባል ተራ ጠባቂ ሕመምተኛ። «የሚያምጠው እሱ ነው።»

ፊዚዮቴራፒስቷ ለንሳ ሽቦዎቹን ፈተሸች፤ ጓንቱን ቀየረች። ጃርሶ ውሃ ሊገዛ የወጣ ዕለት መስመሩ ሽቅብ ዘሎ ነበር። መብራቱ ከፍ ዝቅ ብሎ ነው ብላ አለፈችው።

ጃርሶ ከሳ። ሲበላ፣ ወንድሙ በግራ እጁ ከእንጀራው ጋር ሲታገል ይታየዋል። አንድ ቀን ለንሳን ኮሪደር ላይ አቆማት።

«ይህ እጅ ካልተከፈተ ገድዬዋለሁ ማለት ነው» አላት።

አዘነችለት። ምናልባት ያንተ ጭንቀት እያወከው ይሆናል፣ ኦቦ ጃርሶ፣ ዛሬ እዚህ ጠብቅ አለችውና በሩን ዘጋች።

መስመሩ ተነሳ። ጓንቱ አጉረመረመ፤ ጣቶቹ ተከፈቱ። አስደገመችው፤ ተከፈቱ። ጓንቱን አውልቃ ሞክር አለችው። እየተንቀጠቀጡ፣ ያለ ሞተር ተከፈቱ።

ለንሳ ጃርሶን ልትጠራ ስትነሳ ሂርጳ በቀኝ እጁ የጋዎኗን ጫፍ ያዘ።

«አትጥሪው» አላት። «ስለ በሬዎቹ የተናገረው እውነት ነው።»

ጃርሶ ኮሪደሩ ላይ ለወንድሙ እጅ እየጸለየ ቀረ።