ወይ እኔ ወይ ሀርድ ዲስኩ

ይሄን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ብዋሽ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቆ ይድረቅ ብዬ ብምልም አታምኑኝም።

ጎምላላው የሚሉት ፀጉር አስተካካይ ነበር። በር ሲገባ መጀመሪያ ሆዱ ገብቶ ወንበር ይይዝለታል፤ እሱ ኋላ ይደርሳል። ቅናቱ ግን ከሆዱም ይበልጥ ነበር። ነፋስ የሚስቱን ቀሚስ ከነካ ነፋሱን እስከ አስፋልቱ ድረስ ያባርረዋል። መስታወት ፊት ከቆየች እሷን አይጠይቅም፤ መስታወቱን ነው «አንተ ደግሞ ምን ታያለህ?» የሚለው።

ሚስቱ ፎቶ አንሺ ናት። የሙሽራውን፣ የተመራቂውን፣ የሕፃኑን ፎቶ ሁሉ ቤት ባለው ኮምፒውተር ታስተካክላለች። አንዴ ኮምፒውተሩ ድንገት ሞተና የአንዲት ሙሽራ ፎቶ በሙሉ ውሃ በላው። ሙሽራይቱ ቬሎዋን ዳግመኛ ለብሳ መጥታ በራቸው ላይ ስታለቅስ ዋለች። በማግስቱ ሚስቱ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ሀርድ ዲስክ ገዝታ መጣች።

«ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ነገር ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ካሜራም ይሁን ምን፣ በራሱ ወደዚህ ይገለበጣል» አለችው። «ከሌላ ቦታ ቢጠፋ እንኳ እዚህ አይጠፋም።»

እሱ አልሰማትም። ዓይኑ ዲስኩን የጠቀለለችበት ለስላሳ ጨርቅ ላይ ነበር። እሱን እንዲያ ጠቅልላው አታውቅም።

«እኔ ብወድቅስ እንዲህ ትሳሺልኛለሽ?»

«አንተ ብትወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው።»

ይሁንና ጎምላላው ለቤቱ ደግ ነው፤ ይሄን መካድ ኃጢአት ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ዳቦ የሚገዛው እሱ ነው። ዳቦ ቤቱ ከአጥራቸው ማዶ ነው፤ ጋጋሪው ከምድጃው ቀና ስለማይል ገዢ የምታስተናግደው የጋጋሪው ሚስት ናት። ጎምላላው ትኩሱን ካልጠበቅኩ ይላል፤ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ዳቦው እጁ ላይ ቀዝቅዞ ይመጣል። እንደተመለሰ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጋል፤ የመኝታ ቤቱ ሶኬት ስለተበላሸ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና ሊታጠብ ይገባል። ሱቁ ሲደርስ መጀመሪያ መላጫዎቹን፣ ቀጥሎ ስልኩን ያጸዳል። ያደረ ቆሻሻ አይወድም።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ቢመጣ የሚስቱ ክፍል በር ተዘግቷል። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ውስጥ ወንድ ከት ከት ብሎ ይስቃል! ሳቁን የሚያውቀው መሰለው፤ የት እንደሰማው ግን ጠፋው። በሩን በሆዱ ከፈተው።

ከሚስቱ በቀር ማንም የለም። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። ዲስኩን ነቅላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ማነው የሚስቀው?»

«ተወው።»

«ማነው አልኩሽ!»

«ይቅርብህ። ባይወራ ይሻልሃል።»

ከዚያ ወዲህ ጎምላላው ሰው አልሆነም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ወንድ ሁሉ ቀልድ እየነገረ ያስቅና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። በሳቃቸው የተሳቀቁ ደንበኞች ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው ሸሹ። የማንም ሳቅ አልገጠመለትም።

ቢጨንቀው ሽማግሌ ጠራ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጦ ዳቦ ጋጋሪውን ጠራ፤ ክስት ያለ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ሰው ነው።

«እኔን ደግሞ ማን ሽማግሌ አደረገኝ?» እያለ መጣ ጋጋሪው። «ምድጃው አቅልጦ ሊጨርሰኝ ነው። ፒጃማዬ እንኳ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋኝ ሄደ።»

«ጋሼ፣ ይፍረዱኝ» አለ ጎምላላው ደረቱን እየደቃ። «እዚህ ጥቁር ነገር ውስጥ ወንድ ደብቃለች። ዛሬ ወይ እኔ እወጣለሁ፣ ወይ እሱ ይወጣል! ወንድ ካገኘሁ ትዳሩ እዚህ ላይ አበቃ!»

«ልጄ» አለ ጋጋሪው፣ «የምትደብቂው ከሌለሽ ክፈቺለትና ይረፍ።»

ሚስት ጋጋሪውን አየችው።

«እከፍታለሁ። ጋሼ ግን ቤታቸው ይሂዱልኝ።»

ጎምላላው አንዴ እሷን አንዴ ጋጋሪውን አየ። ደሙ ጆሮው ጫፍ ደረሰ።

«ለምን ይሄዳሉ? ከሳቸው ጋር ምን አለሽ?»

«በፈጠረህ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ይየው፤ በሳቸው ፊት ግን አይሁን።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ?» አለ ጋጋሪው፤ ከምድጃው ፊት ያልወጣው ላብ እዚህ ወጣው።

«ንቅንቅ እንዳይሉ!» ጎምላላው በሩን በሆዱ ዘጋው። «ክፈቺ! ስክሪኑን እስኪሞላ አድርገሽ ክፈቺ!»

«በኋላ በኔ እንዳታሳብብ።»

«ክፈቺ አልኩ!»

ሰካችው። ቪዲዮው ተከፈተ። ያ ሳቅ ከት ከት ብሎ ቤቱን ሞላው።

ጋጋሪው መነጽሩን አጠለቀ፤ ቀረብ አለ፤ ዱቄት የነካ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ወደ ጎምላላው ዞረና ጮኸ፦

«አንተ! በኔ አልጋ ላይ፣ የኔን ፒጃማ ለብሰህ ምን ትሠራለህ?»