በግራሶ የተደፈነው ጽሑፍ

«ተረኛ!» አለ መምህር ኩራሞቺ፣ ቀና ሳይል። አሜሪካኖች በባሕሩ በኩል ጦር ሊያወርዱብን ነው ተብሎ፣ የትምህርት ቤቱን ጠመንጃዎች ለመንደሩ ሴቶች እያደለ ነበር። በየጠመንጃው ብረት ላይ «ለልምምድ ብቻ፤ እውነተኛ ጥይት አይተኮስበትም» የሚል ተቀርጿል። ጽሑፉን በጥቁር ግራሶ ሲደፍን ነበር ያረፈደው።

ዓሣ ሻጯ እትዬ ሺጌ የደረሳትን ጠመንጃ፣ ዓሣ እንደሚመርጥ ሰው አገላበጠችው። ግራሶውን በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ አነበበች። የኩራሞቺ ፊት ደም መሰለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«መምህር» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አቤት፣ እትዬ።»

ጣቷ ላይ የቀረውን ግራሶ መልሳ ጽሑፉ ላይ ለቀለቀችው።

«ከኋላዬ የቆመችው ልጄ ናት። የሷን እንኳ ደህና አድርገው ይድፈኑላት።»