የሁለት ጣት ትርፍ

ሽባባው የመለኪያውን ዘንግ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ስቦ አወጣና ወደ ፀሐይ አዞረው። ዓይኑን አላመነም። በኮቱ እጅጌ ጠርጎ እንደገና ከተተው፤ እንደገና አወጣው። እርጥበቱ ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት ሙሉ ከፍ ብሏል።

«ጎደለ እንዴ?» አሉ እማማ ከድጄ ከጭነቱ ላይ። ከቡታጅራ ጀምሮ በገብሱ ጆንያ መሀል፣ ወልቂጤ ገበያ ከሚሸጡት ቆጮ ጋር ተቀብረው የመጡ አሮጊት ናቸው።

«ተረፈ! ሁለት ጣት ተረፈ፣ እማማ!»

«አልሐምዱሊላህ! አላልኩህም?»

ብለውት ነበር። ይህቺ ትንሽ የጭነት መኪና የጣሊያን ናት፤ ቤንዚኑም የጣሊያን ነው፤ የሽባባው ፍርሃቱ ብቻ ነው። ኅዳር ከገባ ወዲህ በደጋው ብርድ ሞተሯ አልሞቅ ብሎ፣ ዳገቱን ሁሉ ቤንዚን የሚያበዛው የአየር መዝጊያዋ እንደተሳበ እያሳላት ትወጣለች፤ ቤንዚኑንም ትጨልጠዋለች። ወልቂጤ ላይ የሚቆጣጠረው ማሬሻሎ የሚሉት የጣሊያን ሹም ግን ብርድ የሚባል ነገር አይገባውም፤ የሚያምነው ዘንጉንና፣ ወልቂጤ ሲደረስ መቅረት ያለበትን ቤንዚን የሚያሳየውን ቀይ መስመር ነው። ሁለት ጉዞ በተከታታይ ከቀዩ መስመር በታች አገኘው። «ሦስተኛ ከጎደለ ለሽፍቶቹ ሸጠኸዋል ማለት ነው» አለው በአስተርጓሚ። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው። ከሽባባው በፊት ይህችኑ መኪና ይነዳ የነበረው ሰይዶም እንዲሁ ተብሎ ተወሰደ። የት እንዳደረሱት ሚስቱም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት ሲታገል ለእማማ ከድጄ አወራቸው። እሳቸው መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና፣ «ቆጮም እኮ ብርድ ከመታው አይበስልም። እኛ ጉድጓዱን ኮባ እናለብሰዋለን። እሷንም አልብሳት» አሉ። ከደጅ እንሰታቸው ሰፋፊ ቅጠል ቆርጠው አመጡ፤ መሀሉን ትንሽ ክፍት ትተው፣ ነፋስ በሚገባበት በፊቷ በኩል በቃጫ ጠፍረው አሰሩላት። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ሽባባውም ኮባ የለበሰች መኪና ሲነዳ አፍሮ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግን ሞተሯ ሞቀች፤ የአየር መዝጊያውን መለሰው፤ ሳሏም ተዋት።

አሁን ወልቂጤ ከፊታቸው ካለው ኮረብታ ወዲያ ናት። ሽባባው ዘንጉን እንደያዘ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«ምነው ልጄ?»

«ማሬሻሎው ይህን ሲያይ ምን የሚል ይመስልዎታል?»

«ጎበዝ ይልሃላ።»

«እማማ፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ጭነት። ዛሬ እንዲህ ከተረፈ፣ ባለፉት ሁለት ጉዞዎች የጎደለውን ማን ወሰደው ነው የሚለኝ።»

«ቅጠሉን አሳየዋ!»

«ቅጠል አሳይቼ ከእስር ልድን?»

እማማ ከድጄ ጆንያ ለጆንያ እየተንፏቀቁ ወረዱ። ሊከራከሩት አልፈለጉም። «እውነትህን ነው» አሉ። «አምና ባሌ የታዘዘውን ገብስ አንድ ቁና ጨምሮ ቢሰጣቸው፣ ‹ቀሪውን የት ቀበርከው› ብለው የቤታችንን ወለል ቆፈሩት።»

ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይህ ነው። ሽባባው የመኪናዋ መርገጫ ላይ ተቀመጠ። ደከመው፤ ዳገቱ ካደከመው የባሰ ደከመው። በጎደለ ቀን መፍራት የተለመደ ነው። በተረፈም ቀን መፍራት ግን ጉልበት ይጨርሳል።

«ድፋዋ» አሉ አሮጊቷ።

«ሽታው ያሳብቃል። በዕቃ ብንይዘው ደግሞ ኬላው ላይ ሲያገኙት ሁለታችንንም ይሰቅሉናል።» ወደ ማጠራቀሚያው ዞረ። «ያለው አንድ መንገድ እዚሁ ሆዷ ውስጥ ማቃጠል ነው።»

ኮባውን ፈቶ ገደል ውስጥ ጣለው። የአየር መዝጊያውን ሳበ፤ ሞተሩን አስነሳና የቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናዋ በቆመችበት ጮኸች። ጥቁር ጢስ መንገዱን ሞላው። ዳገቱን ሙሉ እግሩን እየሰበሰበ፣ ቁልቁለቱን እየለመነ ያጠራቀመውን ቤንዚን በገዛ እግሩ ሲያቃጥለው አንጀቱ አረረ።

ብዙም ሳይቆይ እግሩ ዝሎ የሞተሯ ጩኸት ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

«ውረድ!» አሉት እማማ ከድጄ።

«እርስዎ?»

«እንሰት ስፍቅ ስንት ዓመቴ መሰለህ? ይሄ ተረከዝ እንሰቱን ከሳንቃው ጋር ረግጦ ይዞ ነው ያረጀው። ውረድ አልኩህ!»

ወረደ። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ በዚያ በተሰነጣጠቀ ባዶ ተረከዛቸው መስጫውን ተጫኑት። የሞተሯ ጩኸት ከፍም ዝቅም ሳይል አንድ ሆነ። ሽባባው በማጠራቀሚያው አጠገብ ተንበርክኮ ዘንጉን እየከተተ ያወጣል። አንድ ጣት ተኩል። አንድ ጣት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በጢሱም አላሳበበም።

እርጥበቱ ከቀዩ መስመር ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ሲቀር እጁን አነሳ። ሞተሩ ጠፋ። ጸጥታው ውስጥ ብርዱ ተመልሶ መጣ።

«አሁን ንጹህ ሰው ሆንክ?» አሉት እማማ ከድጄ ከወንበሩ ላይ ሆነው።

ሽባባው ዘንጉን በኮቱ ጠረገ።

«ሆንኩ» አለ።