ቁስል ያለበት አለ?

ሳሃሩዲን በኮሞዶ ደሴት ጎብኚ መምራት ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በእሱ እጅ አንድም ሰው ተነክሶ አያውቅም። ባልደረባው ናሲር ግን አምና ለአንድ አፍታ ተዘናጋና አንድ ሽማግሌ እግራቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ናሲር ቀልድ አያበዛም።

የዚያን ቀን ሳሃሩዲን ሥራ መግባት አልነበረበትም። የበኩር ልጁ ሰባት ቀን ሞልቶት ጠዋት ሁለት ፍየል ታርዷል፣ የሕፃኑ ፀጉር ተላጭቷል፣ ስም ወጥቶለታል። ቤቱ በእንግዳ እንደተሞላ ጀልባ መጣና ተጠራ። እናቱ ስንቁን ራሳቸው ቋጥረው ትከሻው ላይ አንጠለጠሉለት፤ አውሬዎቹ ውኃ የሚጠጡበት ኩሬ ጋ ሳይደርስ እንዳይፈታውም አደራ አሉት። እሱ ሐሳቡ ሕፃኑ ላይ ነበርና እሺ ብሎ ወጣ።

ጎብኚዎቹ ሰባት ነበሩ። ሳሃሩዲን እንደ ልማዱ ወደቡ ላይ አቁሞ ጠየቃቸው።

«ቁስል ያለበት አለ? የወር አበባዋ የመጣባትስ? እዚህ ማፈር የለም። ኦራ ደም በጣም ከሩቅ ይሸተዋል።»

ኦራ የሚሉት ግዙፉን አርጃኖ ነው። ሰባቱም የለብንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ራትና የምትባለው የጃካርታ ሙሽራ ግን መጀመሪያ ባሏን አየች፣ ከዚያ ነው የነቀነቀችው። ሳሃሩዲን ይህችን ነገር ልብ አላት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋ ስንጥር።

እሱ ከፊት፣ ናሲር ከኋላ ሆነው ጉዞ ጀመሩ። ሁለቱም ጫፉ ሹካ የሆነ ረጅም ባላ ይዘዋል፤ ኦራ ቢመጣ አንገቱን ገፍቶ የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ሳሃሩዲን የተለመደውን ወሬውን ነገራቸው። ኦራና ሰው ከአንድ እናት የተወለዱ መንትዮች ናቸው፤ የድሮ ሰዎች ከብት ሲያርዱ ለዘመዳቸው ብለው ድርሻ ይተዉለት ነበር፤ ዛሬ ግን ፓርኩ መመገብን ስለከለከለ ዘመድነቱ በአፍ ብቻ ቀርቷል። ጎብኚዎቹ ሳቁ።

የሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር ሲደርሱ አንድ ኦራ ተጋድሞ አገኙ። ፎቶ አነሱት። ኦራው ምላሱን አወጣ፣ መለሰ፣ እንደገና አወጣ። ከዚያ ተነሣ።

በቀትር ሙቀት ኦራ አይነሣም። ሳሃሩዲን ሰዎቹን አስቀጠለና ዞር ብሎ አየ፤ እየመጣ ነው። በሠላሳ ርምጃ ርቀት ነበር፣ ሃያ ሆነ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ሁለተኛው ብቅ አለ።

ራትና ታነክሳለች። ሳሃሩዲን እጇን ይዞ ወደ ፊት አመጣትና ከጎኑ እንዳትለይ አዘዛት። ኦራውም የሰልፉን ጭራ ትቶ፣ ናሲርን በጎን አልፎ፣ በቀጥታ ወደ ሰልፉ ራስ መጣ። ሳሃሩዲን በባላው አንገቱን ገፋው፤ አውሬው አፈገፈገና ቆመ።

«ጫማሽን አውልቂ» አላት።

አወለቀች። ተረከዟ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል የደም ነጥብ። ትናንት ስትዋኝ ድንጋይ ቧጭሯት ነው።

«ጉዞው እንዳይቀርብን ብዬ ነው፣ ወንድሜ» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ።

«ለአንቺ ጉዞ ሰባት ሰው ይበላ? እኔ ቤት የሰባት ቀን ልጅ አለኝ።»

በሰው ፊት ነው ያላት። ባሏ አንገቱን ደፋ፣ እሷ አለቀሰች። ሳሃሩዲን አላዘነላትም፤ በጣም ፈርቶ ነበር፣ የፈራ ሰው ደግሞ ይጨክናል።

ቶሎ ወሰነ። ናሲር ሁሉንም በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ወደቡ ይመልሳል። እሱ ኮረብታውን አቋርጦ ወደ ጥበቃ ጣቢያው ይሮጥና ጀልባዋ ቶሎ እንድትጠጋ በሬዲዮ ያስጠራል። ባላውን ለራትና ባል ሰጠው።

«አንተስ?» አለው ናሲር።

«እሱ የሚከተለው እሷን ነው። እኔን ምን ያደርገኛል? ሁለቱም ባላ እናንተ ጋ ይሁን።»

ናሲር አቅማማ። ባዶ እጅ መሄድ ደንቡ እንደማይፈቅድ ሁለቱም ያውቃሉ። ሆኖም ሳሃሩዲን ታላቁ ነበርና ነገሩ በዚያው አለቀ። ራትና ስትሄድ ዞር ብላ ይቅርታ ጠየቀችው።

ሳሃሩዲን ኮረብታውን ወጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ተመለከተ፤ ሰዎቹ ባሕሩ ዳር ደርሰዋል፣ የራትና ነጭ ኮፍያ ይታየዋል፣ ከኋላቸው ምንም የለም። አላህን አመሰገነ። እፎይ ብሎም ተቀመጠ።

ከበታቹ ድንጋይ ተንከባለለ። ኦራው ነበር፤ ሁለተኛውም አብሮት፣ ሦስተኛም ተጨምሯል። ወደ ባሕሩ የተመለከተ አንድም የለም።

ሳሃሩዲን ብድግ ሲል ጭኑ ላይ እርጥበት ተሰማው። ላብ መስሎት በእጁ ጠረገው። እጁ ቀይ ሆነ። ሰውነቱን ዳበሰ፤ የትም አልቆሰለም።

ከትከሻው የተንጠለጠለውን ስንቅ ፈታ፤ ከሩዙ አጠገብ የጠዋቱ ፍየል ጉበት፣ ጥሬውን፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እናቱ የኦራን ድርሻ አልረሱም ነበር።