የማትሞት ባለርስት

ባለፈው ዓመት፣ በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር የነበረችው የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። ምክንያቱ ከጎኗ ያለው ባዶ መሬት ነበር።

መሬቱን የሰጧት አቶ ግርማቸውና ባለቤታቸው ንግሥት ናቸው። ቤት ሊሠሩበት ገዝተውት፣ ኋላ ካናል ዊንቸስተር የሚባል ሌላ ሰፈር ሲገቡ ለጌታ ሰጡት።

«ሰው ይሞታል፣ ልጁ ይሸጣል» ይሉ ነበር አቶ ግርማቸው። «ቤተ ክርስቲያን ግን አትሞትም። ይህ መሬት መቼም አይሸጥም።»

ንግሥት አየሩ ሲሞቅ የሰንበት ትምህርት ልጆችን እዚያው ሣሩ ላይ ሰብስባ ታስተምር ነበር። ክፍፍሉ ሲመጣ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ኩባንያ የሰፈሩን አሮጌ ቤቶች እየለቀመ ይገዛ ነበር። አቶ ግርማቸው አንድ ቀን ለጸሎት ሲመጡ መሬቱ ላይ ችካል ተተክሎ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ያደታ ከአንድ ፈረንጅ ጋር ሜትር ሲዘረጋ ደረሱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋሼ፣ እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ» አለ ያደታ ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው አንገበገባቸው።

ልጃቸው ሶልያና ኮል አደረገች። «ዳዲ፣ ያደታ የማሚ ስም በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። የተወለደችበትን ቀንም። ፎቶም ፈልጎ ነበር።»

«ሰጠሽው?»

«ኦፍ ኮርስ። ዋይ?»

ስልኩን ዘግተው ማሰላሰል ያዙ። መሬቱን ሲሰጡ ባልና ሚስት አብረው ነበር የፈረሙት። አሁን የሟች ስም ለምን ይፈለጋል? ለሽያጭ ነው እንጂ። ፎቶው ደግሞ የሐሰት መታወቂያ ሊሠሩበት ይሆናል።

እሑድ ዕለት መዝሙሩ ሳያልቅ ተነሡ።

«ይህ ሰው መሬታችሁን እየሸጠ ነው!»

«ጋሼ፣ ኧረ ለልጆች ክፍል ልንሠራበት ነው» አለ ያደታ።

«የትኞቹ ልጆች? አማርኛው ሰልችቷቸው ፈረንጅ ቸርች የገቡት?»

ከኋላ የሳቀ ነበር።

«እትዬ ንግሥት እኮ...»

«የሚስቴን ስም በአፍህ እንዳትጠራ! ሌባ!»

ያደታ መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ ዳላስ ገባ ተባለ። ስለ ችካሎቹ የሚያውቅ ሌላ ሰው ታጣ። መታጣቱም ራሱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረበት።

አቶ ግርማቸው መሬቴ ይመለስልኝ አሉ። ያማከሩት ጠበቃ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ አይመለስም አላቸው።

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያኗ እኛ ነን!» ብለው ግማሹን ምእመን አስከትለው ፍርድ ቤት ሄዱ። የቀሩትም «እኛ ነን» አሉ። ወራት ተካሰሱ፤ ሰላምታ እንኳ አቆሙ። በመጨረሻ ዳኛዋ ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ድርጅት እንድትፈርስ፣ ንብረቷም እንዲሸጥ ወሰነች።

በጥቅምት ኩባንያው ገዛው። ተወካዩ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ «እኛ አንዴ የያዝነውን አንለቅም» ሲል ተናገረ።

«አላልኩም?» አሉ አቶ ግርማቸው ለሶልያና። «ይሸጡታል አላልኩሽም?»

በማግስቱ የኩባንያው ሠራተኞች የቤተ ክርስቲያኗን ምድር ቤት ሲያጸዱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ እብነ በረድ አወጡ፤ ፈገግ ያለች ሴት ምስል ተቀርጾበታል፣ ከሥሩም በአማርኛና በእንግሊዝኛ «የንግሥት የልጆች ቤት» ይላል።