ዓሣ አይታረድም

ጀብሪል መርሳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የዓሣ ቤት ሲከፍት ሰው ሁሉ ሳቀበት። የመርሳ ሰው ጥብስና ቅቅል እንጂ ዓሣ ምን ያውቃል! እሱ ግን እስክንድርያ፣ ከባሕሩ ዳር ሲሠራ የለመደውን መተው አልሆነለትም። በረዶ የሞላ ሣጥን በሩ ላይ አቆመና ከሐይቅ የመጣውን ቆሮሶ ዓሣ ደረደረበት። እንግዳ ጎንበስ ብሎ ያይና «ይኼን» ይላል። ጀብሪል ያጸዳል፤ በከሙንና በነጭ ሽንኩርት ለውሶ ፍም ላይ ይጥላል። ሲውል ሲያድር ሳቁ ቀረ፤ ሾፌሩም ገበሬውም ደንበኛ ሆነ።

አንድ ቀን፣ የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ኮት የለበሰ ጎረምሳ መጣ። ሣጥኑ ላይ ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ። ጀብሪል ከምድጃው ቀና ብሎ ፊቱን አየው። ያን ፊት ያውቀዋል። ውርጌሳ መታጠፊያው ላይ፣ ያኔ በሚያሽከረክረው የጭነት መኪና መብራት ውስጥ፣ አንዴ ብቻ አይቶታል።

የዚያን ጊዜው ሟች ይታገሱ የሚባል ገበሬ ነበር። ጀብሪል እንቅልፍ አሸንፎት ገጨው። የመንግሥቱን ፍርድ እስር ቤት ተቀምጦ ጨረሰ፤ የአገሩ ፍርድ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ለእርቅ ሽማግሌ ቢላክ የይታገሱ ወገኖች «ልጁ ይደግና የአባቱን ነገር ራሱ ይወቅበት» ብለው መለሱ። ይኼኔ ነው ጀብሪል አገር ጥሎ ግብፅ የገባው። ሲመለስ ነገሩ የተረሳ መስሎት ነበር። ምን ይረሳል! ልጁ አድጎ በሩ ላይ ቆሟል።

ጎረምሳው አንዱን ቆሮሶ በጣቱ አሳየ።

«ይኼ እንዴት ነው የሚታረድ?» አለ።

«ዓሣ አይታረድም» አለ ጀብሪል። «ከውኃው ሲወጣ ራሱ ይሞታል።»

«ማንም ምንም ሳይልበት?»

«ማንም ምንም ሳይልበት።»

ጎረምሳው ራሱን ነቀነቀ። ዓሣው ቀርቦለት አንድ ጉርሻ አልቀመሰም፤ ውኃውንም አልነካም። ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ጀብሪል ያልተነካውን ሳህን አነሳ። ደመኛ በደመኛው ቤት ውኃ እንደማይቀምስ የሀብሩ ወረዳ ሰው ማን አያውቅም!

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ መጣ። እንደገና መረጠ፤ እንደገና ሳይነካው ተቀመጠ። ሊወጣ ሲል ዞር አለና፣ «አንቱስ መቼ ነው ምሳ የሚበሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰው ሲወጣ» አለ ጀብሪል። ወዲያው ምላሱን ቢቆርጥ ተመኘ።

«ብቻዎን?»

ጀብሪል መዋሸት አቃተው። «ብቻዬን።»

«ደግ» አለ ጎረምሳው። ያ አንቱታ ከስድብ ይልቅ አስፈራው። ሰው ለአባቱ ገዳይ ምን ብሎ ነው አንቱ የሚል?

አመሻሹ ላይ ሚስቱ ነሲባ ነገሩን ሁሉ አወጣጣችው። ልጁ ፍፁም እንደሚባል ከጎረቤት ሰምታለች፤ የማን ልጅ እንደሆነም ታውቃለች። አሁኑኑ ሐራ፣ ወንድሞቿ ዘንድ እንሂድ ብላ ለመነችው፤ አለቀሰችበትም። ጀብሪል እንቢ አለ። አንዴ ሸሽቶ እናቱ ያለ እሱ ተቀብራለች። ሁለተኛ አልሸሽም አለ። አፉ ይበል እንጂ ፍርሃት እንቅልፉንም እህሉንም ነስቶታል።

ፍፁም በሦስተኛው ቀን ብቻውን አልመጣም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሁለት ሰዎች ተከትለውታል፤ ሁለቱም ዱላ ይዘዋል። ቤቱ ባዶ ነው። ሰዎቹ ገብተው አንዱ ከበሩ በዚህ፣ ሌላው በዚያ በኩል ተቀመጡ። ፍፁም በሩን ገርበብ አደረገው።

«ዛሬ አንቱ ይምረጡ» አለ። «ለራስዎ የሚወዱትን።»

ጀብሪል የመጨረሻ ምሳው እንደሆነ ገባው። ከሣጥኑ አንድ ቆሮሶ አነሳ፤ ትልቅ ይሁን ትንሽ አላስተዋለም። ሲያጸዳው ሸሃዳውን በልቡ ደጋገመ። ቢላው በእጁ ነው፤ እጅጌው ውስጥ ቢሸጉጠው ማንም አያየውም። ጥቂት አመነታ። ከዚያ አንድ ነፍስ ይበቃኛል አለና ቢላውን ከነደሙ ገንዳው ውስጥ ጣለው።

ዓሣው በሰለ። ጀብሪል ሳህኑን ከነሎሚው ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይቀመጡ» አለ ፍፁም። ጀብሪል ተቀመጠ። ጎረምሳው እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ሲሰድ ጀብሪል ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም አልሆነም። ዓይኑን ሲገልጥ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ የቤት ዳቦ። በሩ ዳር የተቀመጡት ሁለቱም ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡ፤ ሽበታም የእርቅ ሽማግሌዎች ናቸው።

«እናቴ ናት የጋገረች» አለ ፍፁም፤ ቆረሰና ግማሹን ዘረጋለት። «የእስላም ሥጋ እኔ አልበላም፤ የክርስቲያን ሥጋ አንቱ አይበሉም። አብረን የምንቆርሰው አጥቼ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁ።»