የወይዘሮ አርዲስ አቤቱታ

«አልፈርምም» ይላሉ ወይዘሮ አርዲስ፣ ቅጹን በሁለት ጣታቸው ወደ እኔ እየገፉ። «እሱ ውጭ በረዶዬን እየጠረገልኝ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ልክሰሰው?»

በመስኮቱ አያለሁ። ዳረን ሆቭላንድ ከበሩ እስከ መንገዱ ያለውን በረዶ በአካፋ እየዛቀ ነው። የኢንሹራንስ ወኪል ነው፤ የእናቱ የሮዝሊን ቤት ከዚህ ሦስተኛው ነው። ባለፈው ኅዳር ከቤተ ክርስቲያኑ ምሳ በኋላ የአሥራ ሁለት አዛውንቶችን የጤና መድን ወደ ሌላ ድርጅት አዛወረ። ሐኪማችሁ አይቀየርም ብሏቸው ነበር። የወይዘሮ አርዲስን የልብ ሐኪም ግን አዲሱ ድርጅት አይቀበለውም፤ የቀዶ ሕክምናቸው ቀጠሮ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እኔ ከግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነኝ። ሦስት ሰዓት በበረዶ ነድቼ መጥቻለሁ። የተፈረመ አቤቱታ ካልያዝኩ የድሮውን መድን ማስመለስ አልችልም። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ሳይፈርሙ በፈገግታ ሸኝተውኛል።

«ወረቀቱን ሲሰጥዎት አንብበውታል?»

«የጎረቤት ልጅ ወረቀት ሲሰጥሽ መነጽር ታወጫለሽ እንዴ? ሌባ ነህ ማለት እኮ ነው።»

እዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውን ከማሳፈር መሞት ይቀላቸዋል። እናቴም እንደዚሁ ናት፤ ለዚህ ይሆናል ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«እሺ፣ በረዶውን እሱ ጠረገ» እላለሁ። «ልብዎንስ ማን ሊጠግንልዎት ነው?»

በመስኮቱ ወደ ዳረን እያዩ «ሌሎቹስ?» ይላሉ።

«ሁሉም ሌላ ሰው ይቅደም ነው የሚሉት።»

«ፈሪ ሁላ!»

ተነሥተው መነጽራቸውን ከመሳቢያ ያወጣሉ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። እኔም አላጣድፋቸውም።

«ይቺን ‹አሳስቶኛል› የምትለዋን ሰርዣት» ይላሉ። «‹ዋሽቶኛል› በይ።»

እሰርዛለሁ። ይፈርማሉ። ከዚያ «በይ ጥሪው» ይሉኛል።

«አያስፈልግም፣ እኛ ደብዳቤ እንልክለታለን።»

«ደብዳቤ? የሮዝሊን ልጅ እኮ ነው፤ ከጀርባው አላማውም። እዚሁ ቤቴ ውስጥ ይስማው።»

የአሠራር ደንባችን ይህን አያውቅም። ቢሆንም በሩን ከፍቼ እጠራዋለሁ።

ዳረን ጫማውን አራግፎ ይገባል። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ይቀላል። «እማማ አርዲስ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ወንበር ይስቡለታል። «ተቀመጥና አንብበው።»

ዓይኑን በወረቀቱ ላይ ያስኬዳል።

«በልብህ አይደለም» ይላሉ። «ባለፈው ሳታነብልኝ አስፈረምከኝ። አሁን ድምፅህን አውጥተህ አንብብልኝ።»

ወደ እኔ ይመለከታል። የማስጥለው መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።

«እኔ አርዲስ ቶሌፍሰን» ብሎ ይጀምርና ያቆማል። ወይዘሮ አርዲስ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣምረው ቀጣዩን ቃል ይጠብቃሉ።